አባቴ በጆሮው ያነበባቸው ተውኔቶች

«ሙያው በዘር ነው የመጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ ደሜ ይፈላል። በእኛ ቤት በዘር የመጣው የደም ግፊትና የአባቴ ትልቅ አፍንጫ ብቻ ነው። ሙያው የመጣው በጆሮ ነው። አያቴ አዝማሪ ነበሩ፤ ማሲንቋቸውን አንግተው ከሰሜኑ አገር ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ በስተርጅና ቴአትር ቤት ተቀጥረው የወር ደመወዝ የበሉ ሰው። አባቴ በዚያው ቴአትር ቤት ተዋናይ፣ እናቴ እዚያው ተወዛዋዥ። እኔ መጀመሪያ ታይፒስት፣ ቀጥሎ ተዋናይ፣ ከዚያ የቴሌቪዥን ድራማና የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ሆንኩ። ልጄ ደግሞ ካሜራ ተሸክሞ ይዞራል። ተው ብለው አልሰማ አለኝ፤ እኔስ መቼ ሰምቼ።

የማወራው በደርግ ጊዜ ስለነበረው ኑሯችን ነው። ቤታችን ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። የዛሬውን ወሎ ሰፈር አታስቡ። ከአጥራችን ወዲያ የጎረቤት በግ ይግጣል፤ ከበጉ ወዲያ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ የአውሮፕላን ማረፊያው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት የካ አባዶ ያኔ ጤፍ የሚታጨድበት ገጠር ነው፤ ዘመድ ጥየቃ ካልሆነ ማንም ስሙን አያነሣም። የቦሌ መንገድ ደግሞ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ባንዲራ ይዘን ግራና ቀኝ የምንሰለፍበት መንገድ ነበር። ማን እንደመጣ አናውቅም፤ ብቻ እናጨበጭባለን። አውሮፕላን ሲነሣ ብርጭቆው ከነመደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ወሬ ይቆማል። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ አረፍተ ነገር መሃል ላይ ቀጥ ብሎ፣ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ካቆመበት ቃል መቀጠል ይችልበታል። እንግዳ ግን ግር ይለው ነበር።

አባቴ ቃለ ተውኔት የሚያጠናው ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ነው። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላል። ይህችን «መቀበል» የምትባል ነገር ላስረዳ። አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳ ግጥም ሲመጣለት «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው የሰማትን ሳያዛንፍ ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማታል። እስቲ ድገሙልኝ ማለት ነውር ነው። አባቴ በልጅነቱ አያቴን እየተከተለ ያደገው በዚህ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጆሮው የገባች ነገር አትወጣም። እናቴ «ተቀበል» ትልና አንድ ነጠላ መስመር ታነባለች። እሱ ይቀበላል። እንዲህ እያሉ በአንድ ሳምንት የሁለት ሰዓት ተውኔት ይዋጣል። አውሮፕላን ሲመጣ እናቴ ጉልበቱን በእጇ መታ ታደርገዋለች፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

እኔ ይህ ሁሉ የባልና ሚስት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። የትምህርት ቤት ካርድ ተሰጠን፤ ከሃምሳ ልጅ አርባ ሰባተኛ ወጣሁ። እናቴ እስክትመጣ መጠበቅ አላስቻለኝም፤ ቶሎ ተገርፌ ልገላገል ብዬ ካርዱን ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ መነጽሩን አደረገ። ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ወረደበት፣ ቅንድቡን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እንኳን ራሱን ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ ግንባሬን ስሞ «ጎበዝ! የአባቷ ልጅ!» አለኝ። ለሽልማት ከረሜላ ገዛልኝ።

እናቴ ስትመጣ እየሳቅሁ ነገርኳት። አልሳቀችም። ጓዳ አስገብታኝ በሩን ዘጋችና «አባትሽ ፊደል አልቆጠረም» አለችኝ። «ይቺን ከቤት ካወጣሻት አባትሽን ከመድረክ አወረድሽው ማለት ነው። ሰማሽኝ?» ሰማሁ አልኳት። ከዚያ ስለ አርባ ሰባተኛነቴ ገረፈችኝ።

ለምን እንዲያ እንደተጨነቀች እያደግኩ ስሄድ ገባኝ። አባቴ የሚታወቀው የተማሩ ሰዎችን በመጫወት ነበር። ዳኛ ሲያስፈልግ እሱ፣ ሚኒስትር ሲያስፈልግ እሱ፣ ሐኪም ሲያስፈልግ ያው እሱ ነው። እሁድ እሁድ ቦሌ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ኬክ ቤት ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። ሰው ለማንበብ የሚፈጅበትን ጊዜ በልቡ ለክቶ ገጹን ይገልጣል። አስተናጋጁ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ይላል?» ሲለው «ያው የትናንቱን ነው» ይላል። በዚያ ዘመን ጋዜጣ ይህ መልስ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ይባስ ብሎ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። አባቴን መረጡትና በየቀበሌው አዳራሽ እየዞረ፣ በስተርጅና ፊደል የሚቆጥር ገበሬ ሆኖ አጭር ተውኔት ተጫወተ። ባርኔጣውን ከራሱ አውርዶ ደረቱ ላይ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ማንበብ አልችልም» ሲል አሮጊቶች ያለቅሳሉ። መጨረሻ ላይ ሲማርና ቀና ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሁሉንም አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብሎ ነው ሄዶ «ኧረ እኔ አሁንም አልችልም» የሚለው? በዚያ ላይ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ያልተማረ ሠራተኛ ሁሉ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊዛወር ነው የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሣል። አባቴን ከመድረክ አውርዶ ወንበር ማስቆጠር ማለት እኮ ሰውየውን በቁሙ መቅበር ነው።

እናቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ታማ ሞተችብን። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ አልችልበትም። አርባዋ በወጣ ማግስት ጠዋት አባቴ ወረቀት ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩና «ተቀበል» አልኩት። ድምፄ ይቆራረጥ ነበር፤ እሱም የተቆራረጠውን እንዳለ ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ደህና አድርገን የምንነጋገረው በዚያች ሰዓት ብቻ ሆነ፤ በቀረው ጊዜ ቤቱ ጭር ይላል። እኔም ታይፕ ተምሬ ቴአትር ቤቱ ቢሮ ተቀጠርኩ። ቀን በጽሕፈት መኪናዬ የመታሁትን ቃለ ተውኔት በማግስቱ ጠዋት ለአባቴ አነብለታለሁ። ሥራዬንም ቤቴንም እወድ የነበረው ስለዚያች ሰዓት ስል ነው ብል አልዋሸሁም።

እንዲህ ስንኖር ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የተመለሰ አዲስ አዘጋጅ መጣብን። ቀጭን፣ ጢሙን ያሳደገ፣ የበር ጠባቂውንም ዳይሬክተሩንም «ጓድ» የሚል፣ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ወጣት ነበር። ድሮ አዘጋጅ ማለት መሃል ቆሞ «አንተ በዚህ ግባ፣ አንቺ በዚያ ውጪ» የሚል ሰው ነው። እሱ ግን የጠረጴዛ ንባብ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ተዋናዮቹ በሙሉ ረጅም ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ ቃለ ተውኔቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ጮክ ብሎ ያነባል። ቅጂው ዓርብ ይታደላል፣ ንባቡ ማክሰኞ ነው ተባለ። ዓርብ ዕለት ቅጂውን አባዝቼ አንዱን ለአባቴ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ። ሦስት ጠዋት ብቻ። አባቴ የራሱን ክፍል ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሰው ማጥናት ነበረበት፤ ያለዚያ ገጹን መቼ እንደሚገልጥ አያውቅም። የገጹ የመጨረሻ ቃል ላይ ስደርስ አውራ ጣቱን እጨብጠዋለሁ፤ እዚህ ጋ ትገልጣለህ ማለቴ ነው። ላብ አጠመቀን። ተውኔቱ ስለ አንድ ጉቦኛ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ጉቦኛው አባቴ ነው። ሰውየው ቦሌ ቪላ ሠርቶ ይኖራል። በመጨረሻው ትዕይንት ሊይዙት መጥተው በሩን ሲያንኳኩ አሽከሩ «ጌታዬ፣ ሰዎች በር ላይ ናቸው» ይለዋል፤ እሱ «ይግቡ» ይላል። በቃ፣ ያልቃል።

ሰኞ ጠዋት ልክ እዚህ ጋ ስንደርስ አውሮፕላን ተነሣ። ሰዓት ረፍዶብኛል፣ እንቅልፍ አልጠገብኩም፣ ቁጣ ደግሞ ድሮም ቅርቤ ነው። እንደ እናቴ ጉልበቱን መታ በማድረግ ፈንታ «ቆይ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ» አልኩት። አለፈ። «ይግቡ» ብዬ አነበብኩለት፤ «ይግቡ» ብሎ ተቀበለኝ። በጩኸቱ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ወረቀቱን ሰብስቤ ወደ ሥራ ሮጥኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እኔ የሚሰረዝና የሚጨመረውን እንድመዘግብ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቅጂውን ፊቱ ዘረጋ። እንደዚያ ቀን ሲያምር አይቼው አላውቅም። ሌላው ተዋናይ ሁሉ ጣቱን መስመር ላይ እያስኬደ ይንተባተባል፤ የእኔ አባት ቀና እያለ፣ ሰዉን በዓይኑ እያየ ያነባል። ገጹን ሲገልጥ ጣቱን ምላሱ ላይ ነካ ያደርጋታል። ይህችን እኔ አላስተማርኩትም፤ የራሱ ፈጠራ ናት። አዘጋጁ ደስ ብሎት ለሌሎቹ «ጓዶች፣ እንዲህ ነው የሚነበበው» አላቸው። በልቤ እየሳቅሁ ነበር።

መጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። አሽከር ሆኖ የሚጫወተው ወጣት «ጌታዬ፣ ሰዎች በር ላይ ናቸው» አለ። አባቴ ቀና አለ። ሩቅ ነገር እንደሚሰማ ሰው ጆሮውን አዘነበለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ... አውሮፕላኑ ይለፍ» አለ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ይግቡ።»

ወሽመጤ ብጥስ አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ ግን አንድ ሰው አልሳቀም። ለዓመታት የአባቴ ሚስት ሆና የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ጉቦኛው ሊያመልጥበት ያሰበው አውሮፕላን ጥሎት ሄደ ማለት ነው ብለው ተረድተውታል። አዘጋጁ ብቻ ቅጂውን ወዲያና ወዲህ እየገለጠ ቀረ።

«ይኼ የት ነው ያለው?» አለ። «ጓድ፣ እስቲ መስመሩን ያሳዩን።»

አባቴ ወረቀቱን አየ። ጣቱን አነሣ። ጣቱ ገጹ ላይ ወረደች፣ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ያቺን ጣት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከወንበሬ ተነሥቼ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «በአባቴ ቅጂ ላይ እኔ ነኝ የጨመርኩት።» አዘጋጁ ቅጂውን ለማየት እጁን ሲዘረጋ ቀድሜ ነጠቅኩትና ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

የአዘጋጁ ፊት ነጣ። በዚያ ጊዜ ቃለ ተውኔት ሳንሱር ገብቶ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም በተመታበት ጽሑፍ ላይ አንዲት ቃል መጨመር እንኳን ታይፒስትን አዘጋጁንም ይዞ የሚሄድ ነገር ነው። «ሐሙስ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ይታያል» አለኝ። የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ያጠፋ ሰው ሠራተኛው ፊት ቆሞ ራሱን የሚወቅስባት ስብሰባ ናት። ከክፍሉ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «ግን ጥሩ መስመር ነበረች» አለ። የፈራ ልጅ እንጂ ክፉ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንሄድ በውይይት ታክሲ ነው የተሳፈርነው፤ ያቺ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባት፣ ለዚያ ነው «ውይይት» የተባለችው። አባቴና እኔ ተፋጠን ዝም አልን። ወሎ ሰፈር ወርደን ወደ ውስጥ ስንገባ «ለመሆኑ ስህተቱ ምን ነበር?» አለኝ።

ቆምኩ። ለካ እስከዚያች ደቂቃ አልገባውም! «አባዬ፣ እሱ የተውኔቱ አይደለም እኮ። እኔ ነኝ ያልኩህ። የእውነት አውሮፕላን ነበር።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «እኔ ደግሞ ከተውኔቱ ሁሉ የወደድኳት እሷን ነበር» አለኝ።

መንገድ ላይ ቆመን እስክናለቅስ ሳቅን። የጎረቤት ሰው ሰክረዋል ሳይል አይቀርም። ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ፊቱን በመሐረብ ጠረገና «ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ። ያን ጊዜ ጮኽኩበት። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ ከዚህ ቢያባርሩኝ ሌላ ቦታ ሄጄ እመታለሁ አልኩት። አንተ ግን ከመድረክ ከወረድክ ምን ትሆናለህ? እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ያነበበችልህ ለዚህ ነው? ረቡዕም ሐሙስም ጠዋት በረንዳው ላይ አልወጣም።

ግለ ሂሴን በሦስት ገጽ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ስጽፈው ደስ እያለኝ ነበር። ራሴን ንዑስ ከበርቴ አልኩ፣ አድርባይ አልኩ፣ በሰፊው ሕዝብ ላብ በተማርኩት ታይፕ ተመጻደቅሁ አልኩ። አንባቢ እንዴት እንደሚያዝንና የት ጋ እንደሚቆጣ እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያ ድርሰቴ ምን ነበር ለሚሉኝ ይኸውላችሁ፣ እሷ ናት። ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ፊት ቆሜ ሳነባት አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ሰብሳቢው ግን ጭብጨባውን አስቁሞ፣ ጓዲት ከጽሕፈት ክፍል ተነሥታ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ትዛወር የሚል ሐሳብ አቀረበ።

አባቴ ከኋላ ተነሣ። ባርኔጣውን ከራሱ አውርዶ ደረቱ ላይ ያዘ።

«ልጄ አልጨመረችም» አለ። «እኔ ማንበብ አልችልም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የገበሬውን ተውኔት ያላየ ሰው አልነበረማ! ባርኔጣው ያው፣ አንገቱ ያው፣ ድምፁ ያው። ይህን ነገር የሚናገርበት ሌላ ድምፅ አልነበረውም፤ ያንኑ ድምፅ ለገበሬው ሰጥቶት ኖሯል። ሰዉ ልጁን ለማዳን የሚቀልድ መሰለው። አባቴ እዚያው ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር።

አዘጋጁ ተበሳጨ። «ጓድ፣ እባክዎ አይቀልዱ። የሚያነቡ ሰው ነዎት፣ ማክሰኞ አይቼዎታለሁ። እስቲ ያንን ያንብቡልን» ብሎ ከመድረኩ በላይ የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ በጣቱ አሳየው።

አባቴ ቀና ብሎ ጨርቁን አየ። ልማድ ክፉ ነው። አልችልም ብሎ የተነሣው ሰውዬ፣ አንብብ ሲሉት ያን ሁሉ ዓመት እንዳደረገው ደረቱን ነፋና በዚያ በሚያምር ድምፁ አነበበ። ስለ ምርት ዘመቻ የሚናገረውን መፈክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል ተወጣው።

ለወራት እዚያው ተሰቅሎ ሲነበብ የሰማው የምርት ዘመቻው ጨርቅ ግን ሰኞ ዕለት ወርዷል። የተሰቀለው ስለ መጪው የአብዮት በዓል የሚናገረው ነበር።

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሰው ሁሉ አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ አባቴን ያያል። አባቴም ከዝምታው የሆነ ነገር እንደሳተ ገባው፤ የት ጋ እንደሳተ ግን አያውቅም። ያኔ አንጋፋዋ ተዋናይ ብድግ አለች።

«እኔ ይኼ ሰው መድረክ ላይ ደብዳቤ ሲያነብልኝ ስንት ዓመት አልቅሻለሁ» አለች። «ወረቀቱ ባዶ እንደሆነ ከጎኑ ቆሜ አያለሁ። ባዶውን ወረቀት እንዲያ የሚያነብ ሌላ ሰው ካላችሁ አምጡና እሱን አውርዱት።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ «አሁን ተቀመጥ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከፊት ሆኜ አየሁት፤ መሄድም መቅረብም አቅቶኝ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ሰብሳቢው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። በመጨረሻ ለእኔ ማስጠንቀቂያ፣ ለአባቴ ደግሞ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ገብቶ የምስክር ወረቀት እንዲያመጣ፣ እስከዚያ ግን ሥራውን እንዲቀጥል ተወሰነ። አዘጋጁ ከስብሰባው በኋላ አባቴን በር ላይ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቀው። ያቺን መስመር ራሱ ለተውኔቱ ደራሲ አሳየው፤ ሳንሱር ተልካ ከሳምንታት በኋላ ማኅተም ተመትቶባት መጣች። ሰዉ ግን መድረክ ላይ ስትነገር ምኗም አልደነቀውም።

ቀበሌው አዳራሽ አባቴ የመጀመሪያ ቀን ሲገባ ተማሪዎቹ በሙሉ ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ተውኔት ሊያሳያቸው የመጣ መስሏቸው። አትክልት የሚሸጡ እናቶችና የቪላ ዘበኞች ነበሩ። አባቴ እጅ ነሥቶ ከኋላ ተቀመጠ። አስተማሪዋ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ ናት፤ እሱ ግን «መምህርት» እያለ አንቱ ይላታል፣ እሷ ታፍራለች። ፊደሉን ከነቤቱ በአንድ ቀን በቃሉ ሸመደደው። ልጅቷ ጣቷን መሃል ላይ ድንገት ስታሳርፍበት ግን ጨነቀው። ዓይኑ የጆሮውን ያህል አልታዘዝለት አለ። እኔ በበኩሌ ቤት ሆኜ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ባይሆንለት ብዬ ተመኘሁ። ማንበብ ከቻለ ጠዋቱ ያበቃል፤ ጠዋቱ ካበቃ እኔና እሱ ምን እንነጋገራለን? የገዛ አባቱ ጨለማ ውስጥ እንዲቀር የሚመኝ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ከብዙ ወራት በኋላ የምስክር ወረቀቱን ይዞ መጣ። እልል አልኩ፤ ልቤ ግን ቅዝቅዝ አለ። አባቴ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከተተና «ለይምሰል ሰጡኝ እንጂ ዓይኔ አልያዘልኝም» አለኝ። «ያው አንቺው ታነቢልኛለሽ።» በደስታ ልበር ደረስኩ፤ በደስታዬ ደግሞ አፈርኩ። በማግስቱ በረንዳው ላይ ወጣን። እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ቆየን።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው በድብቅ የራሴን መጻፍ የጀመርኩት። ለቴሌቪዥን የሚሆን አጭር ድራማ ነበር፤ ሚስቱ ስለሞተችበት አባትና አብራው ስለምትኖር ልጁ። የጸሐፊ ስም ሳላደርግበት መታሁትና ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተውኩት። አንድ ሳምንት እዚያው ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ድፍረት አገኘሁና ይዤው ወጣሁ። «የማን ነው?» አለኝ። «የአንድ ጀማሪ» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ።

ማንበቡ እስከ መሃል ድረስ ደህና ሄደልኝ። መሃል ላይ አባትየው ለልጁ የሚናገራት አንዲት መስመር አለች። እውነተኛው አባቴ አንድ ቀን እንዲለኝ እየተመኘሁ ነበር የጻፍኳት። እዚያ ስደርስ ለእሱ ፊት ለፊት ማንበቡ አሳፈረኝና ዘለልኳት፤ ቀጥሎ ያለውን የልጅቷን ንግግር አነበብኩ።

አባቴ አልተቀበለኝም። ዓይኑን እንደጨፈነ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እናትሽ ከሄደች ጀምሮ ይኼ ቤት ሰው ያለበት የሚመስለኝ አንቺ ድምፅሽን ስታሰሚ ነው» አለ።

የዘለልኳት መስመር ናት። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያነብ፣ ስንት ጠዋት የማያውቅ መስሎ እንደተቀመጠልኝ ልጠይቀው ፈለግኩ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። አባቴን እንደዚያን ጠዋት የወደድኩበት ቀን የለም። እሱ ግን ዓይኑን አልገለጠም።

«ቀጥዪ እንጂ» አለኝ።

በነጠላዬ ፊቴን ጠረግሁና ከልጅቷ ንግግር ጀመርኩ።